ልብ ወለድ ነው፣ ምን አስቆጣችሁ? ብዬ የከፈትኩት ክር

ባለፈው ሳምንት ስለ ዳ ቪንቺ ኮድ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። መልሱ 27 ደረሰ፣ ሁለቱን አድሚኑ ሰረዛቸው፣ ከዛ ወዲህ ምን ተባለ እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ከላይ እስከ ታች በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ በቁጥር ነው የምሄደው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

የመጀመሪያው ፖስቴ እንዲህ ነበር። መጽሐፉ በ2003 ሲወጣ እኔ ልጅ ነኝ፣ በ2006 ፊልሙ ሲመጣ ደግሞ እቤት እንዳይታይ ተብሏል፣ ስለዚህ በዚህ እድሜዬ ነው አራት ኪሎ መንገድ ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጽሐፎች መሃል አይቼው የገዛሁት። ቅዳሜ ማታ ጀመርኩ፣ መብራት ሄደ፣ በስልክ መብራት ቀጠልኩ፣ ባትሪዬ 4 ፐርሰንት ሲል ሶፊ ስለ ቤተሰቧ እውነቱን ልትሰማ ጥቂት ገጽ ቀርቷት ነበር፣ ያኔ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ላላነበበ፦ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ሽማግሌው ኃላፊ ተገድሎ ይገኛል፣ አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ላንግደንና የሟቹ የልጅ ልጅ ሶፊ የተወላቸውን ምስጢር እየፈቱ ይሮጣሉ፣ በኋላ የሚፈለገው ቅዱስ ጽዋ ጽዋ ሳይሆን መግደላዊት ማርያምና የክርስቶስ ዘር ነው ይባላል። ጥያቄዬ፣ ልብ ወለድ መሆኑ እየታወቀ ሰው ከ20 ዓመት በላይ ምን ያናድደዋል? ነፍሰ ገዳይ የጻፈ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው ወይ? በጣም እርግጠኛ ሆኜ ነው የጻፍኩት፣ አሁን ሳነበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው፣ እንኳን ደረስሽ ብሎ ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ እያሉ አንድ ኮፒ ለስድስት ሰው ደርሷቸው፣ ወረፋው ሲያንገበግባቸው መጽሐፉን በቢላ ሦስት ቦታ ቆርጠው እንደተካፈሉት ነገረን። ለሱ የደረሰው መጨረሻው ነበር፣ አስተማሪ የተባለው ሰውዬ ማን እንደሆነ እያወቀ ነው ተመልሶ መጀመሪያውን ያነበበው፣ ያም ሆኖ መተው እንዳቃተው ምሎ ጻፈ። ስለ መጽሐፉ አጻጻፍ ከዚህ የተሻለ ምስጋና ያለ አይመስለኝም።

2ኛዋ እሱን ደግፋ ምዕራፎቹን ቆጥራ መጣች፣ 105 ናቸው፣ አንዳንዱ ሁለት ገጽ አይሞላም፣ ልክ ልትተኚ ስትይ አንድ በር ይንኳኳል ነው ነገሩ።

3ኛው ግን ይሄን ሁሉ ምስጋና አልወደደም። እሱ እንደሚለው ሶፊ የኮድ ባለሙያ ፖሊስ ተብላ ገብታ መጽሐፉን ሙሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን እያወጣች ትጠይቃለች፣ ሁለቱ ወንዶች ያስረዷታል፣ ታሪኩ ባብዛኛው በአንድ ሌሊትና በማግስቱ ያልቃል ግን ማንም አይርበውም፣ ማንም ሽንት ቤት አይሄድም። ገዳዩ ሲላስ የኦፐስ ዴይ፣ ማለትም የአንድ የካቶሊክ ማኅበር፣ መነኩሴ ነው ይላል መጽሐፉ፣ ኦፐስ ዴይ ግን መነኩሴ የሚባል ነገር የለውም፣ አብዛኛው አባሉ ቤተሰብ ያለው ምዕመን ነው። ሽንት ቤቷ ላይ በጣም ሳቅኩ፣ እውነቱን ነው።

ከዛ 4ኛው መጣ፣ ክሩ አቅጣጫ የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ዲያቆን እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፣ ሳይቆጣ ነው የጻፈው፣ ረጅም ነው ግን አንድም ቃል አላባከነም። እሱን የሚያመው ጋብቻው ሳይሆን ኒቅያ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሊ ቲቢንግ የሚባለው ምሁር እስከ 325ቱ ጉባኤ ድረስ ኢየሱስ እንደ ሰው ብቻ ይታይ እንደነበርና አምላክ የሆነው በድምፅ ብልጫ፣ ያውም በተቀራረበ ድምፅ እንደሆነ ለሶፊ ይነግራታል። ዲያቆኑ እንዳስረዳው አርዮስ ራሱ ተራ ሰው ነው አላለም፣ ክርክሩ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ እኩል ነው ወይስ የተፈጠረ ነው የሚል ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከጳጳሳቱ እስከ መጨረሻው አልፈርምም ያሉት ሁለት ናቸው። ጉባኤተኞቹን እኛ ሠለስቱ ምዕት እንላቸዋለን፣ በትውፊት 318 ናቸው፣ በስማቸው የተሰየመ ቅዳሴ አለን፣ ከአሥራ አራቱ አንዱ ነው። ልጅ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሰማቸው አባቶች አንድ የፈረንሳይ ቪላ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ እንደ ፖለቲከኛ ሲወሩ ሲያነብ ምን እንደተሰማው ጻፈ፣ ያቺን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

5ኛው ከሱ ቀጠለ፣ እሱ የሚያርመው ደግሞ ቆስጠንጢኖስ የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት መርጦ ሌላውን አቃጠለ የሚለውን ነው። ኒቅያ ስለ መጻሕፍት ቁጥር የወሰነው ነገር የለም። ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የጻፈው አትናቴዎስ ነው፣ በ367፣ ከጉባኤው 42 ዓመት በኋላ፣ ይሄ አትናቴዎስ ደግሞ ለኛ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ሰውዬ ነው። እና አንድ ንጉሥ ለዓለም ሁሉ ቆርጦ ከሆነ የኛ 81 ከየት መጣ? መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን በግዕዝ ብቻ ነው የተረፈው፣ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ነው ያዩት። እነሱ የተደበቀ ወንጌል እያሉ ልብ ወለድ ሲጽፉ እኛ ጋ ደብተራው በብርሃን ቁጭ ብሎ ሲገለብጠው ኖሯል ብሎ ጨረሰ። 40 ላይክ አገኘ፣ አንዱ የኔ ነው።

6ኛው በጣም ሹል ነበር። ቤተ ክህነት ምንም ደብቆ እንደማያውቅ አድርጋችሁ አታውሩ፣ ልብ ወለድ ሲሆን ጥናት ነው ብላችሁ ታርማላችሁ፣ ጥናት ሲሆን ደግሞ ስድብ ነው ትላላችሁ ነው መልእክቱ። ግማሽ እውነት አለው፣ አነጋገሩ ግን እዛ ያለውን ሰው ሁሉ ወንድሙን የሰደበበት ያህል አስኮረፈ።

7ኛው መጽሐፉን አላነበብኩትም አላነብም፣ መሸጡም ኃጢአት ነው፣ የገዛሽውም ንስሐ ግቢ አለኝ። 8ኛዋ እሱን ትታ ወደ 4ኛው ተመልሳ ሂሳብ ሠራች፣ 318 ውስጥ ሁለት ሰው እምቢ ካለ 316 ለ 2 ነው፣ ይሄ የተቀራረበ ውጤት ከተባለ የሷ ቡድን ባለፈው ዓመት ዋንጫ በልቷል ማለት ነው አለች። ከዛ ስድስት ሰው ስለ ኳስ ሊጽፍ ሲል አድሚኑ ጣልቃ ገባ፣ ከተሰረዙት አንዱ እዚህ ጋ ነበር።

9ኛዋ ፓሪስ የምትኖር እህት ናት፣ የጻፈችውን በጣም ነው የወደድኩት። ዘመድ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር መጽሐፉ ላይ ያለውን አሳዪን እየተባለች ሳን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን እንዳዞረች ናት። ሲላስ ወለሉን የሚፈነቅልባት የናስ መስመር አለች አይደል፣ መጽሐፉ የአረማውያን ቤተ መቅደስ ቅሪት ምናምን ይላታል፣ እውነቷ ግን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ መሣሪያ መሆኗ ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ቀዳዳ ገብታ መስመሯ ላይ የምታርፍበትን እያዩ የፋሲካን ጊዜ ለማስላት ነው የተሠራችው። በአጭሩ የነሱ ባሕረ ሐሳብ ወለል ላይ የተሰመረ ነው ብላ ገለጸችው። ቤተ ክርስቲያኑ መልስ መስጠት ሲታክተው ማስታወቂያ ሰቀለ፣ በቅርቡ በወጣ ታዋቂ ልብ ወለድ ላይ እንደተባለው አይደለም፣ መስኮቱ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎችም ጴጥሮስና ሱልፒስ ማለት ናቸው የሚል። አክስቷ ግን ማስታወቂያውን ቆማ አንብባ፣ እንዲህ ከለጠፉማ የሚደብቁት ነገር አለ ማለት ነው ብላለች። አክስት ማለት ይቺ ናት።

እግረ መንገዷን የሉቭር መስታወት ፒራሚድ ነገርም መጣ፣ መጽሐፉ 666 መስታወት ነው ያለው፣ ሙዚየሙ 673 ይላል፣ አስልተው ነው የሳቱት እንጂ ተሳስተው አይደለም የሚል ክርክር ትንሽ ተካሄደ፣ እዘለዋለሁ።

10ኛዋ ስለ መግደላዊት ጻፈች፣ ብዙ ሰው ሳያነባት ያለፈች መልስ ናት። ደራሲው በአንድ ነገር ልክ ነው አለች፣ ሴትዮዋ ስሟ ጠፍቷል። ያጠፋውም የሮማው ጎርጎርዮስ በ591 ያደረገው ስብከት ነው፣ መግደላዊትን ከዛች ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ አደረጋቸው፣ ምዕራቡ 1400 ዓመት ያህል እንደዛ ሲሰብክ ኖረ። ምሥራቁ ግን ሁለቱን ሴቶች አላምታታም፣ እኛ ጋ መግደላዊት የትንሣኤ ምስክር ናት በቃ። ስለዚህ ይሄ መጽሐፍ የሰው ቤት ጠብ ነው፣ እኛ ምን ቤት ነን የምንቆጣው ወይም የምናጨበጭበው ነው ሐሳቧ። በዛው የፊልጶስ ወንጌል የሚባለውንም አነሳች፣ በ1945 ግብፅ ናግ ሐማዲ የተገኘው ጽሑፍ በቅብጥ ቋንቋ ነው፣ ቲቢንግ ግን በአራማይክ ቃል ትርጉም ይከራከርበታል፣ ክርስቶስ መግደላዊትን ይስማት ነበር የምትለዋ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ የት እንደሚስማት የሚለው ቦታ ፓፒረሱ ተበልቶ ቀዳዳ ነው። ሰው ቀዳዳው ውስጥ የፈለገውን ይሞላል ብላ አለፈች።

11ኛው ሠዓሊ ነው፣ የሊዮናርዶ የመጨረሻው እራት ላይ ከክርስቶስ አጠገብ ያለው ጢም የሌለው ልጅ ዮሐንስ ነው፣ በዛ ዘመን ፍሎረንሳውያን ወጣት ደቀ መዝሙር ሲሥሉ እንደዛ ነው ብሎ ጀመረ። መጽሐፉ ፍሬስኮ ይለዋል፣ ሊዮናርዶ ግን እርጥብ ልስን ላይ ቶሎ ቶሎ መሥራት ስላልፈለገ ደረቅ ግድግዳ ላይ ነው የቀባው፣ ከ1495 እስከ 1498፣ በሕይወት እያለ ነው መላላጥ የጀመረው። እኛ ጋ ቢሆን ይሄ ሁሉ ኮድ አያስፈልግም አለ፣ የኛ የድሮ ሠዓሊ ክፉውን ሰው በጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሥልለታል፣ ይሁዳ የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን የለም።

እስካሁን በአቋሜ ነኝ። ሁሉም ስህተት እየለቀመ ነው፣ ልብ ወለድ ውስጥ ስህተት ቢኖር ምን ችግር አለው እያልኩ ለሁለት ሰው መልሻለሁ። 12ኛው አንድ መስመር ጻፈልኝ፣ ከመቅድሙ በፊት ያለችውን ገጽ አንብበሻታል ወይ ብሎ። የቷን ገጽ አልኩት፣ 13ኛው መልስ እሱ ነው፣ የኔ ነው። መጽሐፌ ከርዕሱ ቀጥታ ሉቭር ውስጥ ሽማግሌው ሲሮጥ ነው የሚጀምረው።

14ኛው ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ለካ ከታሪኩ በፊት አንድ ገጽ አለች፣ ከላይዋ ሐቅ የሚል ቃል የተጻፈባት። ፕሪዮሪ ኦፍ ሳዮን በ1099 የተመሠረተ እውነተኛ ምስጢራዊ ማኅበር እንደሆነ፣ በ1975 ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአባላቱን ስም የያዙ ብራናዎች እንደተገኙ፣ እና መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የሥዕል፣ የሕንፃ፣ የሰነድና የምስጢራዊ ሥርዓት ገለጻዎች በሙሉ ትክክል እንደሆኑ ትናገራለች። ቲቢንግ አይደለም የሚናገረው፣ ደራሲው በራሱ ድምፅ ነው። ስልኬን አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

15ኛው ያቺን ገጽ ተራ በተራ አፈረሳት። ማኅበሩ በ1956 ፈረንሳይ ውስጥ ፒየር ፕላንታር የሚባል ሰውዬ ከጓደኞቹ ጋር ያስመዘገበው ነው፣ ብራናዎች የተባሉትም እሱና ጓደኛው አዘጋጅተው በ1960ዎቹ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያስገቧቸው ወረቀቶች ናቸው፣ ሰውዬው የፈረንሳይ ንጉሣዊ ዘር ነኝ ለማለት ነበር ፍላጎቱ። ኒውተንም ሊዮናርዶም የማኅበሩ መሪ ነበሩ የሚለው ዝርዝር ከዛው የመጣ ነው። ሐቅ ከምትለው ገጽ ላይ ሐቁ ኦፐስ ዴይ ኒውዮርክ ውስጥ ሕንፃ አለው የሚለው ነው አለ፣ እየቀለደ ይመስለኛል።

እኔም በ16ኛው መልስ አመንኩ። ልብ ወለድ ነው ተዉት ያልኩት ያቺን ገጽ ሳላይ ነው። ደራሲ ገጸ ባህሪውን ያሻውን ያናግረው፣ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ በገዛ አፉ ይሄ እውነት ነው ካለኝ በኋላ፣ ሲያዝ ልብ ወለድ ነው እኮ ቢለኝ ደስ አይለኝም። ዲያቆኑን ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ምንም አይደል እህቴ ብሎ በኔ ፈንታ አፍሮ መለሰ። 3ኛው ደግሞ ይሄን ጊዜ ጠብቆ ነበር መሰለኝ፣ እሱ ቀድሞ እንደተናገረ ሊያስታውሰን መጣ። ስለ ሽንት ቤት ነው የተናገርከው አልኩት።

17ኛው ጠበቃ ነው። ኢየሱስ አግብቶ ዘሩ ፈረንሳይ ገባ የሚለውን ሐሳብ በ1982 በታሪክ መጽሐፍነት ካወጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ፣ ቤይጀንትና ሊ፣ ሐሳባችን ተወሰደ ብለው ለንደን ላይ አሳታሚውን ከሰው በሚያዝያ 2006 ተረቱ። ጨዋታው ሊ ቲቢንግ የሚለው ስም ራሱ መሆኑ ነው፣ ሊ ያንደኛው ከሳሽ ስም ነው፣ ቲቢንግ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው የቤይጀንት ፊደሎች ተገላብጠው ነው። ሐሳቡ ታሪክ ነው ካላችሁ ታሪክ የማንም አይደለም፣ ፈጠራ ነው ካላችሁ ደግሞ አንባቢን ዋሽታችኋል፣ በሁለቱ መሃል ነው የታነቁት አለ። ዳኛውም ኮድ አማረው፣ ፍርዱን ሲጽፍ እዚህም እዛም አንዳንድ ፊደል አጋድሎ የራሱን ምስጢር ደበቀበት፣ ሰዎች ሲፈቱት ስለ አንድ የእንግሊዝ አድሚራል ሆኖ ተገኘ። የኛ ሀገር ዳኛ መዝገቡ ውስጥ ኮድ ቢደብቅ ኖሮ ቀጠሮው ስንት ዓመት ይሆን ነበር ብሎ ጠየቀ፣ ማንም አልመለሰለትም።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከመስመር ወጣ። 18ኛዋ ጽዋ ፍለጋ የምታውቀው የጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርስ ጠላ ጠምቆ ድፎ ጋግሮ መሮጥ ብቻ ነው አለች፣ እናቷ አንዴ ጽዋው ጠፍቶባቸው ሰፈሩ ሁሉ እንደታመሰና በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ አሸዋ ሲጫወትበት እንደተገኘ አወራች። ላንግደን ቢጠራ ሃርቫርድን ሁሉ ይዞ አያገኘውም ነበር።

19ኛው ፈረንጅ እኛን ለምን አልጻፈም አለ። 20ኛው አረመው፣ ጽፏል እንጂ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ግራሃም ሃንኮክ በ1992 ጽላቱ አክሱም ነው ብሎ የመስቀል ጦርነት ዘመን ተዋጊ መነኮሳት የሆኑትን የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች (ቴምፕላሮች) ላሊበላ ድረስ አምጥቷቸዋል፣ ያውም በልብ ወለድ መልክ አይደለም። እኛ ደስ ብሎን ዝም አልን፣ ምክንያቱም መደምደሚያው ለኛ ይመቻል። ይቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው አስቆጣች፣ የተሰረዘው ሁለተኛው መልስ እዚህ ጋ የመጣ ስድብ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ፣ የፓሪሱን ታሪክ የምናጣራውን ያህል የላሊበላውን አናጣራም።

21ኛው ነገሩን አበረደው። እውነተኛ ትሪለር ከፈለጋችሁ የላሊበላ አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም ሰው እጅ ገብቶ ተመልሷል፣ የተቆለፈ ክፍል ካማራችሁ ደግሞ ከመቅደላ በ1868 የተወሰዱ 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አሉ፣ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሠራተኛ ራሱ አያያቸውም፣ የሚገባው የኛ ካህን ብቻ ነው። ኮድ የለውም፣ መፍቻውም ደብዳቤና ድርድር ነው። 22ኛው ታቦት ከልብ ወለድ ጋር አታነካኩ ብሎ ተቆጣ፣ እዛ ላይ ሁሉም ዝም አለ።

እኔ እስከዛ መጽሐፌን እያገላበጥኩ ነበር። ማጣበቂያው ጋ፣ ከርዕሱ ገጽና ከመቅድሙ መሃል፣ የጥፍር ስፋት ያላቸው ሦስት የቅጠል ቀሪ አሉ፣ በማስመሪያ የተቀደዱ ይመስል ቀጥ ያሉ። ፎቶውን ለጠፍኩ። ምን ልበላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሴራ ልብ ወለድ ሲያሾፍ የነበረ ሕዝብ ራሱ ሴራ ጀመረ። 23ኛው ገጿን የቀደደው አንድ ቄስ ነው አለ፣ ሌላው ተንኮለኛ የመጽሐፉ አድናቂ ነው፣ ሌላዋ ቆሎ ተጠቅልሎባት ነው፣ 6ኛው ተመልሶ መጥቶ ይኸው መደበቅ ብሎ ጮኸ።

25ኛዋ ቤተ መጻሕፍት የሠራች ሴት ናት፣ ሁላችንንም በሁለት መስመር አስቀመጠችን። አሮጌ መጽሐፍ ላይ የፊት ቅጠል የሚቀደደው ማኅተም ስላለበት ነው፣ የሰረቀው ሰው ማኅተሙን ሲያጠፋ ሐቋም አብራ ሄደች። እሷ በሠራችበት ቦታ ግን ሌባ እንዳያገኘው አንድ የውስጥ ገጽ ላይም ይመቱ ነበር፣ ፈልጊ አለችኝ።

ፈለግኩ። ገጽ 51፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ ሐምራዊ ክብ ማኅተም፣ ግማሹ ደብዝዟል ግን ስሙ ይነበባል። የየት እንደሆነ አልጽፍም። 26ኛው መልሴ ላይ ይሄን ስናገር ግማሹ መልሺ አለ፣ ግማሹ ሌባ ብለው ይይዙሻል አለ፣ ጠበቃው ደረሰኝ አለሽ ወይ አለኝ፣ መንገድ ዳር መጽሐፍ በደረሰኝ የገዛ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ሻጩንም ጠየቅኩት፣ በግማሽ ዋጋ መልሶ እንደሚገዛኝ ነገረኝ። ልመልሰው ወስኛለሁ።

27ኛው መልስ የመጨረሻው ነው፣ የማን እንደሆነ ስታውቁ ትስቃላችሁ። ያ አላነብም ያለው፣ ንስሐ ግቢ ያለኝ 7ኛው ነው። ለባለቤቱ ከመመለሴ በፊት ለሦስት ቀን ላውሰው ይችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ቅዳሜ አራት ኪሎ እንገናኛለን። 14ኛው የላከልኝን ፎቶ ፕሪንት አስደርጌ፣ ከመጽሐፉ ልክ ቆርጬ፣ ከመቅድሙ በፊት ቀሪዎቹ ጋ አስገብቼለታለሁ።